የበረቱ እሾህ

ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባቴ ይጠይቁኛል። ሰው አምቻለሁ፣ ባሌን ተቆጥቻለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ እላቸዋለሁ። እሳቸውም ስግደት ያዝዙኝና ይፈቱኛል። ስለ እሾሁ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለባሌም አልነገርኩትም፣ ለእህቴም አልነገርኳትም። እንግዲህ ለእናንተ ልናገር፤ ስለማታውቁኝ ይቀለኝ ይሆናል። ደክሞኛል እኮ! ሰው አንድ ነገር በሆዱ ይዞ ሲዞር እንዲህ እንደሚዝል ማን በነገረኝ ኖሮ።

ያኔ እኔና ባሌ ግርማ ገና አልተጋባንም። እኔ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንዲት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ጨርቅ እቆርጥ ነበር። ግርማ የጎፋ ልጅ ነው። መኪና ያለው ጓደኛ አለው፣ ድንኳን የሚያውስ ጓደኛ አለው፣ ብቻ ጓደኛ አያጣም። ካምፒንግ የሚሉት ነገር ልክፍት ሆነበት። ሪዞርት የሚባል ነገር ደግሞ አይወድም። "ሳር ላይ ለመተኛት ምን ብዬ ነው የምከፍለው?" ይላል። እሱ የሚፈልገው አጥር የሌለው፣ ዘበኛ የሌለው፣ ትኬት የማይቆረጥበት፣ ድንኳንህን ተክለህ ውሃህን ከወንዝ ቀድተህ የምታድርበት ቦታ ነው። አንድ ጥቅምት ላይ "አገኘሁት" ብሎ መጣ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆነን በጀሞ በኩል ወጣን፤ ከአስፋልቱ ተገንጥለን በእርሻ መሃል ስንንገጫገጭ ቆይተን አዋሽ ዳር ደረስን።

ክረምቱ መውጣቱ ስለነበር ወንዙ እንደሞላ ነው። እኔ ወንዝ ሲባል የሰፈራችን ነበር የሚታየኝ፤ አፍንጫ ይዘው የሚሻገሩት፣ ፌስታል የተንጠለጠለበት። አዋሽን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ድምፁን ሳያሰማ የሚሄድ ውሃ። ዳሩ ላይ ሳሩ ለምልሟል። ግርማ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ነፃ! ይሄ ሁሉ ነፃ!" ብሎ ጮኸ። እኔም ሳቅሁ። 

ሳሩ ባለቤት ነበረው። ድንኳኑን ተክለን ከጨረስን በኋላ ነው ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ጎጆ፣ አንድ በረት፣ አንድ የጤፍ ማሳ መኖሩን ያስተዋልነው። አንዲት አሮጊት በዱላ እየተመረኮዙ መጡ፤ ከኋላቸው አንዲት ልጅ እግር ሴት። አሮጊቷ አዴ ሙሉ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እመት ነው፤ አማርኛ ብዙም አይችሉም። ሴቲቱ ጫልቱ ናት፣ የልጃቸው ሚስት። ባሏ እኛው ዘንድ፣ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ አሸዋ ይሸከማል፤ ወደ ቤቱ የሚመጣው ለበዓል ነው። አዴ ሙሉ ድንኳኑን አዩ፣ እኛን አዩ፣ የሆነ ነገር ተናገሩ። ጫልቱ ፈገግ ብላ፣ "ሳትጠይቁ ተከላችሁ እንዴ? ይሁን፣ እንግዳ ናችሁ፣ እደሩ ነው የምትለው" አለችን። እኛ ነፃ ቦታ አገኘን ብለን ስንፈነጥዝ እነሱ እንግዳ ተቀብለው ነበር ማለት ነው።

ቆየት ብላ ጫልቱ በጣሳ ወተት አመጣችልን። ምን እንስጥሽ ብላት፣ ስንጨርስ ባዶ የውሃ ፕላስቲኮቹን እንድንተውላት ብቻ ነው የለመነችኝ። ወደድኳት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተከትያት ሄድኩ። ጥጃዋን ከእናቷ ለይታ ለብቻዋ ትንሽ በረት ውስጥ አስገባቻት፤ ላሟ ጥጃዋን ካላየች ወተቷን እንደማትለቅም ነገረችኝ። በረቱ በር የሚባል ነገር የለውም። በሩ እሾህ ነው። ቅርንጫፎቹን ግንዳቸውን እየያዘች አንዱን ባንዱ ላይ ትጎትታለች፣ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ልረዳ ብዬ ጣቴን ወጋኝ፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ግንድ ያላትን አምጥታ ከላይ ሰካችና በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገቻት። "ይቺ ቁልፏ ናት" አለችኝ።

በዓይኔ አየሁ። ስትዘጋ አየሁ፣ ቁልፏን ስትቆልፍ አየሁ። ይህን ያዙልኝ፤ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይህን ያዙልኝ።

ከመሸ በኋላ እሳታችን ደከመ። ይዘነው የመጣነው እንጨት አለቀ፤ ያ አገር ደግሞ ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለውም። ወንዶቹ እየዘፈኑ ናቸው። ግርማ "ማን ነው እንጨት የሚያመጣልን ጎበዝ?" ሲል እኔ ተነሳሁ። ጎበዝ ልባል! የት እንደምሄድ አልጠየቁኝም። እኔ ግን የት እንደምሄድ አውቅ ነበር። በረቱ ጋ ሄድኩና ከላይ ያለችውን፣ ሳትወጋኝ በቀላሉ የምትወጣልኝን፣ ያቺን ባለ ወፍራም ግንዷን መዘዝኩ። ስንት እሾህ ተከምሮ የለ እንዴ፣ አንዷ ብትጎድል ምን ይሆናል አልኩ። ከውስጥ ጥጃዋ ስትተነፍስ ሰማኋት። ለብዙ ጊዜ "በጨለማ አላወቅሁም" እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ትንፋሿን ሰምቻለሁ። ሰምቼ "ጠዋት እነግራቸዋለሁ" ብዬ ሄድኩ። እሾኋ እንዴት ትነድ ነበር መሰላችሁ! እጄን ሞቅኩባት።

ጠዋት የቀሰቀሰን ጩኸት ነው። ጅብ እሾሁን ገፍቶ ገብቶ ጥጃዋን ወስዷታል። አዴ ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይመታሉ፤ ላሟ ወዲያና ወዲህ እያለች ታገሳለች። አሮጊቷ ጫልቱን በጣታቸው እየጠቆሙ የሚሉትን ለማወቅ ቋንቋ መቻል አያስፈልግም ነበር። ጫልቱ ሮጣ ወደ እኔ መጣች። እጄን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ ዘግቼ ነበር አይደል? አንቺ አብረሽኝ ነበርሽ። ንገሪልኝ በእናትሽ፤ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ያምኑሻል!"

ምን አልኳት? ምን ይመስላችኋል?

"እኔ እንኳን አላስተዋልኩም" አልኳት።

ይኸው ነው። አላስተዋልኩም። እሾህ የወጋው ጣቴ ገና እያሳከከኝ፣ እጄን ይዛኝ ሳለ፣ ዓይኗን እያየሁ አላስተዋልኩም አልኩ። ምን ፈራሁ? ማንም አይደበድበኝም ነበር። ግርማ ፊት ማፈር ነው የፈራሁት። ገና አላገባኝም፤ ሞኝ ናት፣ የሰው በር አንድዳ ሞቀች እንዳይለኝ ነው። ለዚህ ብዬ ነው እንግዲህ። ጫልቱ እጄን ለቀቀችው። አልተቆጣችም፣ አልረገመችኝም። አሮጊቷን ለማባበል ተመለሰች።

እኔስ? እኔማ ወደ እሳቱ ሄድኩ። ከአመዱ ውስጥ የእሾኋ ግንድ ግማሹ ሳይነድ ቀርቶ ነበር። ሰው ሳያየኝ አነሳሁና አዋሽ ውስጥ ወረወርኳት። ወንዙ ትልቅ ነው፣ ምንም አይመስለውም፤ ይዟት ሄደ። ግርማ ድንኳኑን እያጠፈ "ምን ሆነው ነው?" አለኝ። ጅብ ጥጃ እንደበላባቸው ነገርኩት። "ውይ፣ ሲያሳዝኑ" አለና ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ። ከመሄዳችን በፊት ባዶ ፕላስቲኮቹን ሰብስቤ ጎጇቸው ደጃፍ አስቀመጥኩ። ቃሌን ጠበቅሁ እኮ! ወይ እኔ።

ተጋባን፣ ወለድን፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባን። ግርማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ሽርሽር ያወራል፤ አዋሽ ዳር እንዴት በነፃ እንዳደርን፣ እሳቱ እንዴት ያምር እንደነበር። እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ልጆቼ እንኳ "እማዬ ይሄን ወሬ አትወድም" ይላሉ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከብሎካችን ሥር ካለው ጉልት አንዲት ጎመን ሻጭ ስትስቅ ሰማሁ። ዞር ብዬ አየኋት። ሳቋ አልተለወጠም ነበር፤ ፊቷ ግን ከስሏል። ጫልቱ ናት። እሷ አላወቀችኝም። ያኔ ሱሪ ለብሼ፣ ኮፍያ አድርጌ፣ ቀጭን ነበርኩ፤ አሁን ነጠላ የደረብኩ፣ መነጽር ያደረግሁ፣ ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ ሴትዮ ነኝ። ከእሷ ጎመን ገዛሁ። "እትዬ፣ መራቂ" ብላ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ ሌላ ከማንም ገዝቼ አላውቅም። በዚህ የምክስ መስሎኝ ይሆን? እሷ ግን ሁልጊዜ ትመርቅልኛለች፣ እኔም ሁልጊዜ እቀበላለሁ።

ታሪኳን ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ከጥጃዋ በኋላ ላሟ ነጠፈች። አማቷ በረት መዝጋት የማትችል ቤት አትይዝም አሉ። ባሏ ለበዓል ሲመጣ የእናቱን ነገር ሰማ፤ ወደ አባቷ ቤት መለሳት። ሳይቆይ ሌላ አገባ። እሷም ከተማ ገባች። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ጎመኑ ላይ ውሃ ትረጫለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቂም የለም። ቂም ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ዝናብ ይዞን ከእሷ ላስቲክ ሥር ተጠጋሁ። እንደ ቀልድ እንዲህ አለችኝ፦

"እትዬ፣ ያን ማታ ዘግቻለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ምያለሁ። አንዲት የከተማ ሴት አብራኝ ነበረች፤ እሷም አላስተዋልኩም አለች። ጥሩ ሴት ነበረች፣ ምን ብላ ትዋሻለች? አሁን አሁን ሳስበው ግን... እኔው ረስቼው ይሆናል። አማቴ እውነቷን ይሆናል። አሁንማ ማታ ማታ የቤቴን በር ቆልፌ ሦስቴ አራቴ እየተነሳሁ አየዋለሁ፤ እጄን አላምነውም።"

እዚያው ነበር መናገር። ከእሷ በቀር ማንም የለም፣ ዝናብ ነው፣ ጉልበቴ ጉልበቷን ይነካል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ምን መሰላችሁ?

"እንግዲህ ሰው ነሽ፣ ሰው ይረሳል" አልኳት።

እሷም "እውነትሽን ነው" አለች። አንድ እፍኝ ጎመን ጨመረችልኝ።

የመጀመሪያውን ልጅነት ነው፣ ድንጋጤ ነው እል ነበር። የሁለተኛውን ምን ልበለው? ስንት ዘመን ተዘጋጅቼ የተናገርኩት ነው። መጀመሪያ ቤቷን ወሰድኩባት፤ አሁን ደግሞ እጇን ወሰድኩባት። የገዛ እጇ የሠራውን አታምንም። በሩን እየደጋገመች የምታየው በእኔ ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም። የነፍስ አባቴም ቢፈቱኝ ማታ በሯን ልታይ የምትነሳው እሷ ናት። ዛሬም ከቤቴ መስኮት ላስቲኳ ይታየኛል። ደረጃው ሦስት ፎቅ ነው፤ ወርጄ የምላት ቃል አጭር ናት፣ ለእናንተ ስጽፍ እንኳ አልከበደችኝም። ጫልቱ፣ ዘግተሽው ነበር። አይቼሻለሁ። የከፈትኩት እኔ ነኝ።