ቅቤ ተራ፣ ባለ ሰማያዊ ጃንጥላዋ

ሰገነት መርዶውን ስትሰማ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ባጃጅ ነጂው አቤ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አወጣና፣ «ሰጊ፣ ጋሽ ኤርካሎ አረፉ። አሁን ጠዋት ነው አሉ» አላት። እግሯን ከፔዳሉ አላነሳችም። የያዘችውን ጠርዝ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች። ከዚያም ተነስታ ወደ ሰፈሩ ንባብ ቤት ሄደች። በሩ መቆለፉን በእጇ ገፍታ ካረጋገጠች በኋላ ነው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ለቅሶው ቤት ያቀናችው።

ሰፈርተኛው በኋላ ይህን አነሳባት። «ሰው ሞቶ እሷ በር ታያለች!» ተባለ። ሰገነት ግን ያንን ክፍል ማን ማን እንደሚመኘው ታውቅ ነበር።

ወደ መጻሕፍት የገባችው በክር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ የሰፈሩን ንባብ ቤት የሚጠብቁት ጋሽ ኤርካሎ፣ ጀርባው የተገነጠለ የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዘው ሶዶ ገበያ፣ ልብስ ሰፊዎች ተራ መጡ። ሰፊዎቹ ሳቁባቸው።

«ጋሼ፣ ሱሪ መሰለዎት እንዴ?»

«ሱሪ ቢቀደድ የሚያፍረው አንድ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ኤርካሎ። «ይኼ ሲቀደድ ግን አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ነው ፈተና ላይ የሚያፍረው።»

ያልሳቀችው ሰገነት ብቻ ነበረች። መጽሐፉን ተቀብላ በጆንያ ወስፌ በስታ፣ በቀይ ክር ሰፋችው። በሳምንቱ አምስት ይዘው መጡ። መመላለሱ ሲሰለቻቸው፣ «ለምን አንቺ አትመጪም?» አሏት። ከሰዓት በኋላ እዚያው ሄዳ መስፋት ጀመረች። የሚሰፋ ሲጠፋ ትደረድራለች፤ የሚደረደር ሲጠፋ፣ እሳቸው ለጸሎት ሲሄዱ፣ ታውሳለች። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች የልብስ ሰፊ ልጅ ነች። የመጻሕፍት ሥራ የሚባል ነገር በሕልሟም መጥቶ አያውቅም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አቶ ወልደመስቀል ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ንባብ ቤቱን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሰገነትን በጣታቸው ጠሩ።

«ትናንት በትርፉ ቁልፍ ገብተን ቆጥረናል። ስልሳ አራት መጽሐፍ የለም። ያንቺን ቁልፍም አምጪ፤ ክፍሉን ለስብሰባ ወንበሮች ማስቀመጫ እንፈልገዋለን።»

«አልጠፉም፤ ሰው ተውሷቸው ነው።»

«ማን?»

ሰገነት የጋሽ ኤርካሎን ደብተር ከጉያዋ አወጣች። አቶ ወልደመስቀል ገልጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «‹ቅቤ ተራ፣ ባለ ሰማያዊ ጃንጥላዋ። ሒሳብ።› ይኼ ስም ነው? ‹የዱቦው ነርስ፣ ረጅሙ፣ የሚያፍረው።› ‹ባጃጅ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው።› የእብድ መዝገብ!»

ጋሽ ኤርካሎ ስም አይጠይቁም ነበር። ገጠሬው ስሙን ሲጠየቅ መታወቂያ የሚከተል ይመስለዋል፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ከበር ይመለሳል። ስለዚህ ያዩትን ይጽፉ ነበር።

«በዚህ ደብተር አንድ መጽሐፍ የሚያገኝ ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ።»

«ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነዋ! የዚህን ከተማ ወገብ ለክቼ ጨርሻለሁ። ረጅሙን ነርስ እርስዎ አያውቁትም፤ እኔ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አስረዝሜለታለሁ።»

አቶ ወልደመስቀል ተነሱ። «እስከ ዓርብ። ዓርብ ካልሞላ ቁልፉን!»

ሰገነት እዚያው ድንኳኑ መሀል ቆማ ደብተሩን ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ለቅሶ ቤት ውስጥ ውሰት አይጠየቅም! ነውር ነው!»

ድምፃቸው የተዘጋው ወይዘሮ ብርሃኔ፣ የሟቹ ባለቤት፣ ከፍራሻቸው ቀና አሉ። «ተዋት። እሱ በሠርጋችን ቀን ሚዜውን መጽሐፍ ጠይቋል።»

ድንኳኑ ሳቀ። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

አቤ ከጥግ እጁን አወጣ። «ሰጊ፣ መስታወቱን እኮ ካስቀየርኩ ሁለት ዓመቴ ነው!»

«መጽሐፉንስ?»

በማግስቱ መጽሐፉን አመጣ፤ ለቅጣቱም እስከ ዓርብ ድረስ በነፃ አመላለሳት። ዱቦ ሆስፒታል ሄደው ረጅሙን ነርስ ተረኛ ሆኖ አገኙት፤ አራት መጽሐፍ ሲያወጣ ዓይኗን አላያትም። በገበያ ቀን ቅቤ ተራ ወረደች። ከሰማያዊው ጃንጥላ ሥር ከሁምቦ የምትመጣው ቅቤ ሻጭ ቦሼ ተቀምጣለች። የቦሼ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ ሰገነት፣ ኤርካሎ ሞተ፣ አሁን መጽሐፍ ልትቀማኝ መጣህ?»

«ልቀማሽ አይደለም። ዓርብ ይታይና ቅዳሜ ትወስጂዋለሽ።»

«ልጄ ፈተና አለው። ቅዳሜ ካልመጣ አንተን እወስዳለሁ!»

መጽሐፉን ከጠቀለለችበት ኮባ ፈትታ ሰጠቻት። መጽሐፉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ቀዩ ስፌት ግን አልላላም።

ሐሙስ ማታ ደብተሩን ወደ ኋላ ስትገልጥ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ገጽ ላይ አንድ መስመር አገኘች፦ «ሰፊ ተራ፣ ያልሳቀችው። ምንም አልተዋሰችም፤ ገና ናት።» ደብተሩን ዘጋችው። ለቅሶ ቤት ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ እራት ሠራች።

ዓርብ አቶ ወልደመስቀል በጋሪ ወንበር አስጭነው መጡ። መጻሕፍቱን ሁለቴ ቆጠሩ። ሃምሳ ሦስት።

«አልሞላም» አሉ።

«አልሞላም» አለች። «ቁልፉንም አልሰጥም።»

«በማን ሥልጣን?»

«ደብተሩን ማንበብ በሚችል ሰው ሥልጣን። እነዚህ መጻሕፍት ነገ ተመልሰው ይወጣሉ፤ ሰው እየጠበቀ ነው። እርስዎ ለማን እንደሚሰጡ ካወቁ፣ ቁልፉ ይኸው!»

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ነርሱም ከሁሉ በላይ አንገቱ ይታያል። አቶ ወልደመስቀል የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። «‹ዲምቱ። ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው። አሥራ አንድ።› ይኼስ ማነው?»

«እሱን ገና አላገኘሁትም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እፈልገዋለሁ።»

ከጋሪው ላይ አንድ ወንበር አወረደችና በሩ መሀል ላይ ተቀመጠችበት። ባለጋሪው ወደ አቶ ወልደመስቀል አየ፤ እሳቸው በእጃቸው ሲያሰናብቱት የቀሩትን ወንበሮች ይዞ ተመለሰ። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያዋ ሰው ቦሼ ነበረች።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ንባብ ቤቱ በየቀኑ ይከፈታል። ሰገነት የቅጥር ደብዳቤ የላትም፤ ወንበሩንም አልመለሰችም። ሁለት ጊዜ ዲምቱ ሄዳ በገበያው ሰው ስታስቅ ውላለች። ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋውን የሚያውቁት ጋሽ ኤርካሎ ብቻ ነበሩ። አሥራ አንዱ መጻሕፍት እስካሁን አልተመለሱም።