ልጄን ትንፋሽ የከለከልኩ ጊዜ

ልጄ ስትናደድ እጇን ትነክስ ነበር። ደም እስኪወጣት ድረስ! ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። የጀመራት አባቷ ጥሎን ከሄደ በኋላ ነው። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት ቃል አይወጣትም። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረብኝም። እጮህባታለሁ፣ እሷም ይብስባታል።

በስደት በምንኖርበት አገር፣ ፒችትሪ ኮርነርስ በሚባል ከተማ፣ ዕቃ ከማሽግበት ዌርሃውስ አጠገብ፣ አንዲት ህንዳዊት የከፈተቻት ትንሽ ትምህርት ቤት አለች። ሴትዮዋ ሳይኮሎጂ የተማረች ናት። ያንን ከአባቶቿ የሂንዱ ፍልስፍና ጋር አስተባብራ ነው የምታስተምረው። ልጅ በጭንቅላቱ ብቻ አይማርም፣ አካሉም ስሜቱም መንፈሱም አብሮ መማር አለበት ባይ ናት። እውነቱን ልናገርና፣ ልጄን ያስገባኋት ይሄ ገብቶኝ አይደለም። የድሮው ትምህርት ቤቷ በየሳምንቱ እየደወለ "ነይ ውሰጃት" ስለሚለኝ ነው።

"ንዴት ሲመጣባችሁ በስሙ ጥሩት" ትላቸዋለች ልጆቹን። "ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ንዴቱን የምታዩት እናንተ ናችሁ እንጂ ንዴቱ እናንተ አይደላችሁም።"

ኧረ ወዲያ! ብዬ ነበር ስሰማ። ግን በሁለት ወር ውስጥ የልጄ እጅ ዳነ። አንድ ቀን ወደ ቤታችን ወደ ሊልበርን እየነዳሁ፣ ከኋላ ወንበር ሆና፣ "እማዬ፣ አሁን የያዘኝ ንዴት አይደለም፣ አባዬ ናፍቆኝ ነው" አለችኝ። ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩና አለቀስኩ።

ከዚያ አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ ልጄ ምንጣፉ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትተነፍስ፣ አጠገቤ የቆመች ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ልጅሽን ምን አስተማሩብሽ? ይሄማ የጣዖት ነው!" አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት እንደገባን ጮህኩባት። እሷ ምን አደረገች? ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ እየተናገረቻት! ደሜ ፈላ። ጠበል የያዘውን ሃይላንድ ከፍሪጁ ላይ አንስቼ "በስመ አብ!" ብዬ ፊቷ ላይ ደፋሁባት። ውሃው ትን አላት፤ እያሳላት ግድግዳው ጥግ ሄዳ ተለጠፈች። "ሁለተኛ እንዲህ ሆነሽ እንዳላይሽ፣ ኃጢአት ነው!" አልኳት። በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ አስወጣኋት።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ደግ አደረግሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

"ልጅቷ ለጣዖት ሰገደች?" አሉኝ።

"ኧረ አልሰገደችም፣ አባ።"

"ታዲያ ምን አደረገች?"

"ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች።"

"ጠበል ልጅ መቅጫ አይደለም፣ ልጄ። ይልቅ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት" አሉኝ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስደውል ክፍሉ ሞልቷል፣ ዌይቲንግ ሊስት ላይ ትግባ ተባልኩ። ይኸው እስካሁን እየጠበቅን ነው። እጇን መንከሱንም እንደገና ጀምራለች። አሁን ስጠይቃትም "ምንም" ነው መልሷ። እንደዚህ ያደረግኳት እኔ ነኝ፣ ማንንም አላሳብብም።

ባለፈው ቅዳሜ ኩሽና ውስጥ እጇን ስትነክስ አገኘኋት። አልጮህኩም። ተንበርክኬ ቀስ ብዬ እጇን ከአፏ አወጣሁት።

"ይቅር በይኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። "ነይ፣ እንደተማርሽው አብረን እንተንፍስ። አስተምሪኝ።"

እኔው ቀድሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሿ ግን አልሰማ አለኝ። ስገልጥ ትክ ብላ ታየኛለች።

"አንቺም ጨፍኚ እንጂ፣ የኔ እናት።"

"አልጨፍንም።"

"ለምን?"

"ስጨፍን ምን እንደምታደርጊኝ አላይም" አለችኝ።