የእትዬ አመለወርቅ ቀይ ነጥቦች

ባለፈው ሳምንት፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ በታች ያለው ጎረቤት የብረት በሩን ቀለም ሲያስቀባ የቲነር ሽታ በደረጃው ወጥቶ ቤቴን ሞላው። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ከፈቱ። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ሳብኩት። መካኒክ ያሳደጋት ልጅ ቲነር ሲሸታት አባቷ ትዝ ሊላት ይገባ ነበር። ለእኔ ቀድማ የመጣችው ግን እትዬ አመለወርቅ ናት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሰውን ስትመረምር።

ካዛንቺስ ስንኖር የአባቴ ጋራዥ የቤታችን ደጅ ነበር። ከአጥራችን ጋር የተያያዘ የቆርቆሮ ጥላ ነው፤ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። እትዬ አመለወርቅ ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ባሏ ሲሞት ያወረሳት አንዲት ቢጫ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት። በባሏ ቦታ ሆና ራሷ ትነዳታለች። ድሮ እሷ ትቀመጥበት የነበረውን የጎን ወንበር ግን በነጭ አንሶላ ሸፍናዋለች፤ ማንንም አታስቀምጥበትም ነበር።

"ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ትል ነበር። ማደያ ስትገባ ከመኪናዋ ወርዳ መቁጠሪያው ዜሮ ላይ መመለሱን ሳታይ ቤንዚን አታስቀዳም። ወተት ሻጩን "ውሃ ጨምረህበታል" ሳትለው አሰናብታው አታውቅም። በእርግጥ በመኪና ነገር ጥርጣሬው የእሷ ብቻ አልነበረም። መኪናውን ጋራዥ ትቶ የሚሄድ ሰው በሰፈራችን እንደ ሞኝ ይታያል። ባለመኪና ሁሉ በርጩማ ስቦ ኮፈኑ አጠገብ ይቀመጥና ኦሪጅናል ዕቃው በአሮጌ እንዳይለወጥበት ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። እትዬ ግን ከሁሉም ትብሳለች። ሊፈታ የሚችል ዕቃ ሁሉ ላይ፣ እንዳይታይ ከሥር በኩል፣ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ታደርግ ነበር። ይህን ያኔ ማንም አያውቅም።

አባቴ ቁጡ ሰው ነው፤ ያችን መኪና ግን ይወዳታል። "ስፖርት መኪና ቆማ ነው የምትሞተው" ይላታል እትዬን። "የትም ባይሄዱ እንኳ በሁለት በሦስት ቀን ያስነሷት። ከማስነሳትዎ በፊት የዘይቱን ልክ ይዩ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ቤንዚን አይርገጡ። ጉብታ ሲያጋጥምዎ ፊት ለፊት አይግቡበት፤ ሰያፍ ይዘው አንድ አንድ ጎማ ያሳልፉ።" ማታ ማታ ከሥሯ ካርቶን እንድታነጥፍ የመከራትም እሱ ነው። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጥቁር ጠብታ ከተገኘ የሞተር ዘይት ነው፤ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ራዲያተሩ ያፈሳል ማለት ነው። እትዬ ምክሩን ሰምታ ታነጥፋለች፤ ጠብታ ስታገኝ ግን ካርቶኑን ይዛ ትመጣና "ሥራ እንድታገኝ አንተው ጠብ አድርገህበት እንዳይሆን" ትለዋለች። አባቴ ይስቅ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እትዬ ክረምቱን ታማ ተኛች፤ መኪናዋም ቆመች። መስከረም ላይ በጎረምሶች አስገፍታ ደጃችን አመጣቻት። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ። "ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ደርቋል፤ ተፈቶ ካልታጠበ አይሆንም" አላት። እንደ ልማዷ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሥራው ሳይጋመስ ግን የእድሯ ሰው ለቀብር ጠራት። እድርተኛ ከቀብር አይቀርም። እየዞረች እያየች ሄደች።

ስትመለስ ካርቡራተሩ ታጥቦ ተገጥሟል፤ መኪናዋም ገና ቁልፉ ሲነካ ተነሳች። እትዬ ግን ጎንበስ ብላ በካርቡራተሩ ሥር ፈለገች፣ ፈለገች፣ ቀና አለች።

"ይሄ የኔ አይደለም። የኔን ምን አደረግኸው?"

"የእርስዎው ነው እትዬ። ታጥቦ ነው።"

"በጣም ነጣ።"

"ታዲያ እንዲጠቁር ነው የታጠበው?"

"ሌባ!" አለችው፤ ደንበኞቹ ሁሉ እየሰሙ።

ቀይ ነጥቡ መጥፋቱን ብትነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ምስጢራዊ ምልክቱን ለሌባ የሚያሳይ ማን አለ? መኪናዋ ደህና መሥራቷ ራሱ አጠራጠራት፤ "ለጊዜው ነው፣ ሊያታልለኝ ነው" እያለች ለልኳንዳ ቤቱ፣ ለወፍጮ ቤቱ፣ ለሱቁ፣ ለታክሲ ተራው ተናገረች።

ወሬው ሥራውን ሠራ። ብቻቸውን ይመጡ የነበሩ ደንበኞች ወንድማቸውን ለጥበቃ ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ቀጥሎ መምጣቱንም ተዉት። ትምህርት ቤት እስክሪብቶ የጠፋ ቀን የክፍሉ ልጆች ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቴ "ማለቴ... ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ተቀላቅሎብህ እንዳይሆን?" አለችው አባቴን። የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠና ወጣ። እኔም እሱ በሌለበት አልጋ ሥር ያለውን የዕቃ ሳጥን ከፍቼ አየሁ። ካርቡራተር አልነበረም። አለመኖሩም አላሳረፈኝም፤ ሸጦት ከሆነስ? ያን ጊዜ እትዬ አመለወርቅን ከልቤ ጠላኋት።

እትዬ ሌላ መካኒክም አላመነችም፤ መኪናዋን ራሷ ማሰናዳት ጀመረች። በጥር አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ አባቴ ሥራ ፈትቶ ደጅ እንደተቀመጠ፣ መኪናዋን አምጥታ ከፊቱ አቆመች። እጇ ላይ የቀላ ጨርቅ ይዛለች።

"ካርቡራተሩን በምንድነው ያጠብከው?"

"በቲነር። ሙጫ በሌላ በምን ይለቃል?"

የያዘችውን ጨርቅ ዘረጋችለት። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ያን ዕለት ጠዋት የቤንዚን ፖምፓውን በቲነር ስትወለውል ቀዩ ነጥብ ለቆ ጨርቁ ላይ ቀርቷል። "ነጥቡን ያጠፋው መታጠቡ ነው። አንተን ግን ሌባ አልኩህ። ይቅር በለኝ።"

አባቴ ከመቀመጫው አልተነሳም። "ሌባ ያሉኝ ሰፈር ዞረው ነው" አላት። "እዚህ ለእኔና ለልጄ ቢነግሩን ምን ይሠራልናል?"

እትዬ የመኪናዋን የጎን በር ከፈተች። ነጩን አንሶላ ገፍፋ ጠቅልላ ከኋላ ወረወረችው።

"ግባ።"

"ቱታዬ ቅባት ነው።"

"ግባ አልኩህ!"

ቢጫዋ መኪና ሰው በሚሄድበት ፍጥነት መንገድ ጀመረች፤ እኔና የሰፈሩ ልጆች ከኋላ ተከተልን። እትዬ ልኳንዳ ቤቱ በር ላይ አቁማ ወረደች። "ይሄን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። አልሰረቀኝም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" ባለልኳንዳው ቢላውን እንደያዘ "እኛማ እኮ አላመንንም ነበር እትዬ" አላት። "አምናችኋል!" ብላ ጮኸችበት። "ባታምኑማ መኪናችሁን ትወስዱለት ነበር።" ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ሱቁ ጋ፣ ታክሲ ተራው ጋ እንዲሁ አደረገች። አባቴ ቅባታም እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ብቻ ያይ ነበር። እንባው ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንገቴ ቀና አለ፤ ደስታዬን በምን ልናገረው?

አባቴ በኋላ እንደነገረን፣ መጨረሻ ላይ ዳገቱን ሲወጡ ዝምታው አላስቻለውም። "እትዬ፣ እግርዎን ከፍሪሲዮኑ ላይ ያንሱ፤ ይቃጠላል" አላት። እሷም ቀስ ብላ በጎን አየችውና "አሁን ደግሞ ፍሪሲዮን ልትሸጥልኝ ነው?" አለችው።

እትዬ ጠባይዋን አልተወችም። በርጩማዋን ስባ መቀመጧን ቀጠለች፤ ምልክቷ ግን ከዚያ በኋላ በሞረድ ሆነ፣ ያውም በግልጽ። አባቴም "በሉ፣ መጀመሪያ ይጫሩ" እያለ ሞረዱን ያቀብላት ጀመር። ቆይቶ ለሌሎቹም ደንበኞች እንዲሁ አደረገ፤ ባለቤቱ ምልክቱን ሳያሳርፍ አንድ ብሎን አይፈታም። ሥራው ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ መኪናዋንም ዘመዶቿ ወስደዋታል።

አምና ለጉዳይ ካዛንቺስ ሄጄ አንድ ሽማግሌ "የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ አላስታወሱትም። መካኒክ እንደነበር ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ። "እ! ያ አመለወርቅ በቢጫ መኪናዋ አስቀምጣ ያዞረችው! ሚዛን የሚደፋ፣ የተከበረ ሰው!" አሉኝ። ለምን እንዳዞረችው ያስታውሱ እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ተውኩት።