ኩርባው ስንት ጊዜ ያቋርጣል?

ቨርና ኩታች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የከተማችንን የዱብራቫን ልጆች አመላልሳለች፤ በእኛ በቴክሳስ የገጠር መንገድ ሃያ ሰባት ዓመት መንዳት ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለች አባቷ ወገቡን ተሰብሮ የጥጥ እርሻው እሷ ላይ ወደቀ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ይህን ስታወራ አታለቃቅስም። "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ብላ ታልፈዋለች።

ካልኩሌተሩን ያገኘችው አውቶቡሷ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ግራፍ የሚስለው ዓይነት፣ ጥጉ የተሰነጠቀ። የኔ ነው የሚል ጠፋ፤ ዓመት ጠብቃ የራሷ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ቡድናችንን ይዛ በየውድድሩ ስትሄድ፣ ሌሎቹ ሹፌሮች ወንበራቸውን ለጥጠው ሲያንኮራፉ፣ እሷ ደብተሯን መሪው ላይ አስደግፋ ፈንክሽን ታስገባለች። አንድ ቁጥር ትቀይርና ኩርባው ሲጣመም፣ ሲገለበጥ ታያለች። ባሏ ሌናርድ "የሰው ሚስት ሹራብ ትሠራለች፣ የኔዋ ተራራ ትሠራለች" እያለ ያሾፍባታል። ያልገባትን ደግሞ ሳታፍር ልጆቹን ትጠይቃለች፤ በተለይ ጆሊን ማሬክን።

ጆሊን የዶሮ አርቢው የኤድዊን ልጅ ናት። ልጅ አትበሏት፣ እሳት ናት! ባለፈው መጋቢት በአካባቢው ውድድር አንደኛ ከወጣች ኦስቲን ሄዳ ከመላው ቴክሳስ ተማሪዎች ጋር ልትፎካከር ነበር። የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከዱብራቫ ደግሞ እስከ ዛሬ እዚያ የደረሰ የለም። ከተማው ሁሉ፣ ቄሱም ሳይቀሩ፣ የሚያወሩት ስለ እሷ ነበር።

ፈተናው አልቆ እርማት ሲጀመር ሰው አነሰ። ይሄ የተለመደ ነው፤ አሰልጣኙም ሹፌሩም ቀይ እስክሪብቶ ይሰጠውና ይቀመጣል። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ግን ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ የሚሰርዝ ማን እንደሆነ ቨርና አታጣውም፤ ከቼክ አገር የመጡት አያቶቻችን ያወረሱን አጻጻፍ ነው። የጆሊን ወረቀት ከሁሉም በላይ ሆነ፤ ተከታዩን በአራት ነጥብ ይበልጣል። አሰልጣኛችን ዳሪል ሆለብ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ከቨርና ጎን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

የሁለተኛውን ልጅ ወረቀት ደግማ የምታየው ቨርና ነበረች። አንዱ ጥያቄ፣ የዚህ ፈንክሽን ኩርባ አግድሙን ዘንግ ስንት ጊዜ ያቋርጣል? ይላል። ከአዘጋጆቹ የመጣው መልስ ሁለት ነው። ጆሊንም ሁለት ብላለች። ይሄኛው ልጅ ግን ሦስት ብሎ ተሰርዞበታል።

ቨርና ካልኩሌተሯን አውጥታ አስገባችው። ሁለት መስመር ወጣ፤ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል። ሁለት ነው እንግዲህ ብላ ልታልፍ ስትል እጇ ቆመ። እንደዚህ ያለ ፈንክሽን፣ ኤክስ ኪዩቡ ፊቱ ላይ ነጌቲቭ ከሌለው፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ መጨረሻው ሽቅብ ነው። ይህን ያስተማረቻት ራሷ ጆሊን ናት። ይሄ ግን ቁልቁል ወርዶ ቀረ።

"ወርዶ የት ገባ?" አለች ለራሷ።

ስክሪኑ የሚያሳየው ከነጌቲቭ አሥር እስከ አሥር ያለውን ነው። ወደ ቀኝ እስከ አርባ ዘረጋችው፤ ወደ ታችም አምስት ሺህ አወረደችው። ትልቅ ገደል ብቅ አለ። ከገደሉ ማዶ፣ ሠላሳ ላይ፣ ኩርባው ተመልሶ ዘንጉን ቆርጦ ወጣ። ሦስት ነው።

ክው አለች። ይህን ከተናገረች ጆሊን አምስት ነጥብ ታጣለች፣ ያኛው አምስት ያገኛል፤ ኦስቲን ቀረ ማለት ነው። ዝም ብትልስ? ማን ያውቅባታል? ሹፌር ናት እኮ!

ስክሪኑን ወደ ዳሪል አዞረችለት። አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

"ቨርና፣ በናትሽ፣ ዝጊው ያንን ነገር" አለ በሹክሹክታ።

"ሦስት ነው፣ ዳሪል።"

"ሦስት መሆኑንማ አየሁት! ልጅቷን ልትገድያት ነው?"

"ታዲያ ውሸት አሸክሜ ነው ኦስቲን ድረስ የምወስዳት?" አለችና እጇን አወጣች።

ዋናዋ ዳኛ መጣች። "መልሱን ያዘጋጁት እኮ ባለሙያዎች ናቸው" አለች ፈገግ ብላ። "ለመሆኑ እርስዎ የየትኛው ትምህርት ቤት መምህር ነዎት?"

"መምህር አይደለሁም። የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ይልቅ ይሄን ይዩልኝ፤ መንገዱ ከዓይን ራቀ ማለት አለቀ ማለት አይደለም።"

ዳኛዋ አየች። ፈገግታዋ ጠፋ። በኤክስ ፋንታ ሠላሳን ተክታ በእጇ አሰላችው፤ ዜሮ መጣ። ከዚያማ ክፍሉ ውስጥ ያለ አራሚ ሁሉ የጨረሰውን ወረቀት እንደገና ይገለብጥ ጀመር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ስሰማ ደረቴ በኩራት ተነፋ። እሰይ የኛ ሴት!

ለጆሊን የነገረቻት ራሷ ቨርና ናት፤ ዳሪልን አላከችም። "አንደኛ ነበርሽ። መልሱ ስህተት ነበር፤ ያሳረምኩት እኔ ነኝ" አለቻት። ጆሊን አፍጥጣ አየቻት። ከሁሉም ኋላ ሄዳ ተቀምጣ አለቀሰች። ቨርናም ሁለት ሰዓት ሙሉ በመስታወት እያየቻት ነዳች። ምነው ዝም ባልኩ አላለችም ብዬ አልዋሽም፤ ብላለች፣ ደጋግማ።

ትምህርት ቤቱ ደጅ ኤድዊን ግማሹን ከተማ አስከትሎ፣ ኮላቺ የምንለውን በፍራፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ በትሪ ይዞ ይጠብቃል።

"እህሳ! አሸነፍሽ?"

ጆሊን ዓይኗ አብጦ ወረደች። "ሁለተኛ ነኝ፣ አባዬ። አዘጋጆቹ ተሳስተው፣ እኔም አብሬያቸው ተሳስቼ፣ አንደኛ አድርገውኝ ነበር። አንድ ሰው አረማቸው።"

"ማነው እሱ? የየት አገር ጉድ ነው?" ብሎ ጮኸ ኤድዊን።

ቨርና ሞተሩን አጥፍታለች፤ እጇ ግን መሪውን አለቀቀም።

ጆሊን ወደ አውቶቡሱ ዞረች። "ክፍሉ ሙሉ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ አባዬ። አንዳቸውም አላዩትም። ያዩት የኛ ሚስ ቨርና ናቸው!" አለች፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ኤድዊን ሴት ልጁን አየ፣ ቨርናን አየ። ከዚያ ትሪውን እንደያዘ የአውቶቡሱን ደረጃ ወጣ።

"ለካ የራሳችን ጉድ ነሽ" አላት። "በይ፣ አንሺ።"