የድመቷ ጥፋት

ጎረቤቴ ልብስ አጣቢ ናት፤ ዕድሜዋ ያለቀው የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ነው። ለእሷ የማይለቅ ቆሻሻ የለም፤ መዘፍዘፍ፣ በረኪና፣ የፈላ ውሃ፣ በቃ። የጣውላ ወለል ግን አንሶላ አይደለም።

የምትኖረው ከአባቷ ጋር በአንዲት ክፍል ነው። አባቷ የታወቁ አናጢ ነበሩ፤ አሁን ከአልጋቸው እምብዛም አይወርዱም፤ አንዲት አሮጊት ድመት እግራቸው ሥር ትተኛለች። አልጋው አጠገብ ወለሉ በሽንት ጠቆረ፤ ድመቷ ናት ተባለ፤ ሽታው ኮሪደሩን አልፎ እኔ ቤት ደረሰ። አከራያችን፣ ያቺ አፍንጫዋ ከራሷ ቀድሞ የሚገባ ሴትዮ፣ ሽታው እስከ እሑድ ካልጠፋ ክፍሉን እንዲለቁላት ተናገረች። በሽተኛ ሽማግሌ ይዛ ማን ሊያከራያት?

ምስኪኗ ተንበርክካ የፈላ ውሃ ደፋችበት። በረኪና ደገመች። ጣውላው አበጠ፤ ጥቁሩ ዥጉርጉር ሆነ፤ ሽታው ጭራሽ ባሰበት። በላዩ ላይ አቼቶ ልትጨምር ስትል አባቷ ከአልጋቸው ጮኹባት፤ አቼቶና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ትነት ሰው ይገድላል። ከዚያ እየተቆጡ አስተማሯት። እርጥብ ሲሆን ሳይፈትጉ ደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ማስመጠጥ ነው። በረኪናው ተጠርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ወለሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ በሌላ ቀን በውሃ የቀጠነ አቼቶ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ፤ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደርና መጥረግ፤ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ፍቆ ሰም መቀባት።

የጣቷ ቆዳ እስኪላጥ ፋቀች። ድመቷንም እያለቀሰች ለሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ሚስት ሰጠች። አባቷ ድመቷ ስትወሰድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወለሉ አበራ፤ ክፍሉ ሰም ሰም ሸተተ፤ እኔም እፎይ አልኩ።

እሑድ ጠዋት ስኳር ልበደር ገባሁ። አልጋው ሥር አዲስ ኩሬ ነበር። እሷ ጨርቅ እንደያዘች ቆማለች፤ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

"ልጄ፣ ድመቷን መልሰሽ አምጫት" አሉ ቀስ ብለው።

"ለምን አባባ?"

"እሷ ከሌለች በማን እናሳብባለን?"

እሷ ተንበረከከችና እንዳስተማሯት፣ ሳትፈትግ፣ ጨርቁን ተጭና ታስመጥጥ ጀመር። እንባዋ ሰሙ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱንም ትጠርጋለች።

የአከራይዋ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ። ገባች፤ አሸተተች። አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት።

"የእኔ ድመት ናት። ትናንት ነው ያመጣኋት፤ ሾልካ ገብታ አበላሸችባቸው" አልኩ።

ድመት ኖሮኝ አያውቅም። አከራይዋ ጨርቁን አየች፤ ግድግዳውን የሚያዩትን ሽማግሌ አየች፤ እኔንም አየችኝ።

"ለዛሬ ይሁን" ብላ ወጣች።

ነገስ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሦስታችንም የምናስበው ግን እሱን ነበር።