ወተት በሁዳዴ

ጥሩሐረግ ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላት። የእኔ የልብስ ስፌት ማሽን ደግሞ በረንዳዋ ላይ፣ በሯ ጥግ ነው። ወደ ወልዲያ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ሻይና ዳቦ የሚቀምሱት እሷ ዘንድ ስለሆነ፣ እኔም ቁልፍ እየተከልኩ የአገሩን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ። ይህን የምናገረው ግን በዐይኔ ካየሁትና ራሷ ከነገረችኝ ነው።

ጥሩሐረግ ጿሚ ሴት ናት። ጿሚ ስል እንደ እኔ ዓይነቷን፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ፀሐይ ስታይ የምትውለውን ማለቴ አይደለም። ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ፍየል ከሚያረቡ ቤተሰቦች ወጥታ ወደ ከተማ ስትገባ ከገጠር ይዛው የመጣችው ሀብት ጾሟ ብቻ ነበር። ታማ እንኳ ገድፋ አታውቅም። ባሏ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ልጅ አጥተው ብዙ ቆይተው እየሩስን ያገኟት በስለት ነው።

ታዲያ እየሩስ አፏን ከመፍታቷ ጾም ያዘች። እናቷ አስገድዳት አልነበረም። በጾም ወራት ቤቷ ወተት የነካው ዕቃ እንዲገባ አትፈልግም፤ ልጅቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሻይ ቤት ናት፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው መጠጥ ሻይና ለስላሳ ነው፤ ሁለቱም የጾም ናቸው። እየሩስ ዳቦዋን ስኳር በበዛበት ሻይ እየነከረች ታድጋለች። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሻይና ለስላሳ የለመደ አፏ ወተት ጠላ። አምስት ዓመት ሞላት፤ ወተት የቀመሰችበት ቀን ግን ይቆጠራል።

ደንበኞቹ ነገር ይወዳሉ። «እየሩስ፣ ወተት ልግዛልሽ?» ይሏታል ሆን ብለው።

«ጾም ነው እኮ» ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሴት ቆጣ ብላ።

«ጎበዝ! ለጿሚዋ አንድ ለስላሳ ስጪልኝ» ይላል አንዱ። ጥሩሐረግ ጠርሙሱን ስትከፍት ፊቷ ይበራል። ኩራት መሆኑን አላወቀችም፤ ስለቷን ለሰማችላት ለእመቤታችን ምስጋና እያቀረበች ነበር የሚመስላት። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴ ከተያዘ በኋላ ጎረቤታችን ሙሚና፣ የእህል ነጋዴዋ፣ ብቅ አለችና ልጅቱን ትክ ብላ አየቻት። «ጥሩዬ፣ ይቺ ልጅ ቀለሟ ጠፍቷል። ጓሮ ያለችው ፍየሌ ትታለባለች፤ ጠዋት ጠዋት ወተት ልላክላት?»

«በሁዳዴ?» አለች ጥሩሐረግ።

«እኛ እንኳ ረመዳን ሕፃን አናስጾምም።»

ጥሩሐረግ ፊቷን ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያዋ መለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሙሚና የምትሰጠው ሰላምታ ቀዘቀዘ።

ሙሚና ግን ያየችው እውነት ነበር። እየሩስ ከሌሎች ልጆች ጋር መሮጥ ትታ በርጩማ ላይ መቀመጥ አበዛች። እንጀራ ሲሰጧት ሁለት ጉርሻ ወስዳ ትገፋዋለች። የፊት ጥርሶቿ ከሥራቸው ጠቁረዋል። አንድ ቀን የዳቦ ሳህን ይዛ ስትሄድ ጉልበቷ ከዳትና ተዘርግታ ወደቀች። ጥሩሐረግ ሻይ ቤቱን ለእኔ ጥላ፣ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች።

ነርሷ የልጅቱን የዐይን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ነጭ ነበር። «ምን ትጠጣለች?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሻይ ነዋ። አንዳንዴም ለስላሳ።»

«ወተትስ?»

«ጾም ነው» አለች ጥሩሐረግ። ቃሉ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበዳት።

ነርሷ አልተቆጣቻትም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች ጥሩሐረግ። የልጅቱ ደም ማነሱን ነገረቻት። ሻይ ከምግብ ጋር ሲሰጥ ምስሩና ጎመኑ ለደም የሚሰጠውን እንደሚያባክን፣ ለስላሳው ደግሞ ሆዷን በስኳር ሞልቶ ምግብ እንደሚያስጠላት፣ ጥርሷንም እንደሚጨርስ አስረዳቻት። «ሲጠማት ውኃ፣ ጠዋትና ማታ ወተት። ለዚህ ዕድሜ ሌላ መጠጥ አያስፈልጋትም» ብላ መድኃኒቱን ሰጠቻት።

በማግስቱ የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ሄደች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ነግራቸው ስታበቃ «አባ፣ ልጄን የገደልኳት መሰለኝ፤ እርስዎ የሚሉኝን ሁሉ እፈጽማለሁ» አለቻቸው። ስግደት ይጨምሩብኛል ብላ ነበር።

«ልጄ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ጹሚ ያላት ማን ነው?» አሏት። «ይሄ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ስግደት አልሰጥሽም። ሰው ፊት አስመስግነሻታል፤ ሰው ፊት ወተት አጠጫት። በራስሽ ብርጭቆ።»

ቅጣቱ ቀላል የሚመስለው እሷን ለማያውቅ ነው። መጀመሪያ ሙሚና ደጅ ሄዳ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ሙሚና ፍየሏን አልባ፣ ወተቱን አፍልታ ሰጠቻት።

ጠዋት ነበር፤ ሻይ ቤቱ በተሳፋሪ ተሞልቷል። ጥሩሐረግ ወተቱን በብርጭቆ ቀድታ ስትወጣ የአንዳንዱ ዐይን ተከተላት። ልጇ ፊት በርከክ ብላ ዘረጋችላት።

እየሩስ ብርጭቆውን አየች፣ እናቷን አየች፤ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። «ጾም ነው እኮ» አለች ከእጇ ሥር። «እኔ ጿሚ ነኝ።»

«ጎበዝ!» አለ አንድ የማያውቀን መንገደኛ፣ እየሳቀ። እጁን ወደ ለስላሳው ሳጥን ሲያነሳ እኔ አየሁት። ጥሩሐረግም አየችው። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም፤ ድሮ ፊቷን ያበራው ቃል ልቧን ሲያደማው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሷ በልጇ ላይ ያስወጣችው ውዳሴ አሁን ልጅቱን ከወተት ከለከላት።

«ለአንቺ ጾም አይደለም፣ የእኔ ልጅ፤ አባ ጠጪ ብለዋል» አለቻት።

እየሩስ ራሷን ነቀነቀች። እንባ እንባ ይላት ነበር። «አንቺ ካልጠጣሽ አልጠጣም።»

ጥሩሐረግ ትኩስ ነገር ስትሰጣት ሁልጊዜ አስቀድማ የምትቀምስላት እሷው ናት፤ ልጅቱ አዲስ ነገር አልጠየቀቻትም። ግን ሁዳዴ ነው፤ ያውም ዓርብ። ጥሩሐረግ በኽምጣኛ፣ ባደገችበት ቋንቋ፣ የሆነ ነገር ለራሷ ተናገረች፤ እኔ አልገባኝም። ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ከብርጭቆው ተጎነጨች። ሁለት ጊዜ። ከንፈሯን ሳትጠርግ ዘረጋችላት። እየሩስ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ግማሽ ጠጣች፤ መንገደኛውም ሻዩን አስቀምጦ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ከቀትር በኋላ ለቅዳሴ ስሄድ፣ እንደ ልማዴ ዘግይቼ፣ ጥሩሐረግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። እየሩስ እጇን ይዛ ትጎትታታለች።

«እማ፣ ለምን አንገባም?»

«እኔ ዛሬ ጾሜን ስለ ገደፍኩ ነው። አንቺ ግን ግቢ።»

ልጅቱ መጎተቷን ተወች። «በእኔ ምክንያት ነው የማትገቢው?»

አፌን ከፍቼ ልመልስላት ነበር፤ ጥሩሐረግ ቀደመችኝ። ተንበርክካ ልጇን ዐይን ለዐይን አየቻት። «በአንቺ አይደለም። ያጠፋሁት ዛሬ ጠዋት አይደለም። ያጠፋሁት ያኔ ነው፣ ያንቺን ወተት ለእኔ ጽድቅ በቀማሁሽ ጊዜ።»

እየሩስ የተረዳችው አይመስለኝም። የተረዳሁት እኔ ነኝ፤ ለጿሚዋ ለስላሳ ሲታዘዝ አብሬ የሳቅሁት። ልጅቱ እጇን ሰጠችኝ፤ ይዣት ገባሁ። ጥሩሐረግ ግንቡን ተደግፋ ውጭ ቀረች።