የመስኮቷ ሴት ዓይን

የዚያን ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ፣ ለጽዳት አብራኝ የመጣች አንዲት እህትና የሕንፃው ጠባቂ ሽማግሌ ነን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ሰብሳቢ መጡ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ሕንፃው በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ትሮይቪል በሚባል ሰፈር ያለ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣን አማኞች እሁድ ከሰዓት እንድናመልክበት ፈቅደውልናል። ሰብሳቢዋ የሚመጡት ቤቱን አይተው ፈቃዱን ለማደስ ነበር።

ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን መስኮቱ ቆርቆሮ ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ባለ ቀለም መስታወት፣ ሁሉም ሥዕል ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ አንዱ መስኮት ላይ ሰማያዊ የለበሰችውን ሴት ሳይ ፊቷ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። ጥላሸት መሰለኝ። በሳሙናና በሽቦ ፈተግሁት።

«ኧረ ቀስ! ድስት አደረግሽው እኮ!» ብላ እህቲቱ ሳቀችብኝ።

ልጄ አልሳቀችም። «እማ፣ አንድ ዓይኗ የለም።»

የፈተግሁት የሠዓሊውን መስመር ነበር። ከመሰላሉ ወረድኩ። በእኔ ጥፋት ያ ሁሉ ሰው ማምለኪያ ሊያጣ ነው።

«ዝም በይ» አለች እህቲቱ። «ማን አንጋጦ ያያል?»

ልጄ እያየችኝ ነበር። ሄጄ ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ እንግሊዝኛው ሲያቅተኝ ልጄ ሞላችልኝ። አልተቆጡም። ግራ እግራቸውን እየሳቡ ከመስኮት መስኮት ወሰዱን። አንዱ መልአክ አፍ የለውም። የእረኛው ፊት ባዶ ነጭ መስታወት ሆኗል።

«ቀለሙ ሲሠራ በእሳት በደንብ አልተተኮሰም» አሉ። «ፀሐይና እርጥበት ያራግፈዋል። እነዚህን አንቺ አልነካሻቸውም፣ ማማ።» ወደ መስኮቷ ሴት ዞሩ። «ያቺ ዓይን ግን ያንቺ ናት።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም።

ሰብሳቢዋ መጥተው መስኮቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ሰማያዊ የለበሰችው ሴት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይህን ማን ነካው?»

አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ቀደሙኝ። «አጽዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። መስኮቱን አትንኩ ማለት ረሳሁ።»

የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት። ሰብሳቢዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ፈቃዳችን ታደሰ።

በወሩ በሩ ላይ ሌላ ጠባቂ አገኘሁ። ሽማግሌው በእኔ ጥፋት የተባረሩ መሰለኝ። ሰብሳቢዋን ፈልጌ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። «በራሳቸው ፈቃድ ነው የሄዱት» አሉኝ፤ አድራሻ ግን አልሰጡኝም። እኔ እስካሁን አላመንኩም። ልጄም እሁድ እሁድ ያቺን ዓይን አይታ ወደ እኔ ትዞራለች።

ቶኮዛ የሚባለው ሰፈር የልጃቸው ቤት እንዳለ ሽማግሌው አንድ ቀን ነግረውኝ ነበር። እዚያ ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ ግራ እግራቸውን የሚስቡ ረጅም ሽማግሌ ዳቦ ሊገዙ ከመጡ፣ ደህና መሆናቸውን ጠይቃችሁ መልእክት ላኩልኝ።